ጋሼ የዘጉት ክዳን

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ትንሿስ እንዴት ናት? እኔ፣ አክስትሽና ሀንጋሩ ደህና ነን። ሀንጋሩን፣ ያንን የአውሮፕላን መጠገኛ፣ ከቤተሰብ ቆጥሬ ስጽፍ አክስትሽ በትከሻዬ በኩል አይታ አፏን አጣመመችብኝ። «እዚያው አልጋ አንጥፈህ ለምን አታድርም?» ነው የምትለው።

ደብዳቤሽን ሳቂታው አምጥቶ ሰጠኝ። ይህ ሰው የሁሉንም ሰው ደብዳቤ በቦርሳው ጠቅጥቆ ሲወርድ ላየው ፖስተኛ እንጂ ካፒቴን አይመስልም። «ጋሼ፣ የእህት ልጅዎ እዚያ ያሉትን መካኒኮች ሰጥ ለጥ አድርጋ ይዛቸዋለች» አለኝና እንደ ልማዱ ሳቀ። ሲወለድም ሳይስቅ አልቀረም።

ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽው፣ ዓይኔ ደህና ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? በሐምሌው የጤና ምርመራ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደላት እስከ ታችኛው መስመር ድረስ አንድም ሳልስት አልጠራሁም? ዶክተሩ ራሱ «በዚህ ዕድሜ!» ብሎ ተደንቋል። እንዴት እንደጠራኋቸው አንቺና እኔ እናውቃለን፣ እዚያው ይቅር። ስኳሩንም በመድኃኒት ይዤዋለሁ። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ይደነዝዛሉ፣ እሱም ብርዱ ነው።

ሥራ በዝቶብን ከረመ። ሦስቱም አውሮፕላኖች የጅራት ሥራ ነበረባቸው። አፍንጫቸውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክንፍ የሚገፋ ዘንግ አለ አይደል፤ የእሱ ብሎን በአዲስ ይቀየር የሚል ትእዛዝ መጣ። ሦስቱንም እኔው ራሴ ሠርቼ ክዳናቸውን ዘጋሁ። መካኒኩ ቀጭኑ ሁለተኛውን ፊርማ ሊፈርም መጣና ከመሰላሉ ሥር ቆሞ «ጋሼ፣ ጨርሰዋል?» አለኝ። «ጨርሻለሁ» አልኩት። ፈረመ። ደንቡ ሁለተኛው ሰው ክዳኑን ከፍቶ በዓይኑ ይይ እንደሚል አንቺም ታውቂያለሽ። ግን እኔ የዘጋሁትን የሚከፍት እዚህ ቤት ገና አልተፈጠረም። አንድ ጊዜ አንዱ ሞክሮ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሥቼው አልነበር? እስከ ዛሬ እያነሱ ይስቁበታል።

ጡረታዬ አራት ወር ቀረው። ለሽኝቴ ሰዓት ሊሰጡኝ አስበዋል ይባላል። የግድግዳ ሰዓት ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል፣ ትልቁን።

ድንገት ዝውውር የጠየቅሽበት ምክንያት ግን አሁንም አልገባኝም። ተቀይመሽኝ ከሆነ ንገሪኝ።

አጎትሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እትዬስ እንዴት ናቸው? በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሬዲዮ ልነግርዎት አስቤ ነበር፣ ግን እዚህ ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ሲያወራ ጣቢያው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ያዳምጣል።

እንዴት እንደምኖር ለጠየቁኝ፣ ከሚዛን ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከመስኮቱ የሚታየው የነዳጅ በርሜልና የማረፊያው ሜዳ ብቻ ነው። ልጄ በርሜሎቹን እየቆጠረች እስከ ሃያ ደርሳለች። ደህና ነን።

አልተቀየምኩም። የሄድኩት ፈርቼ ነው። እነዚያን ፊደላት በትልልቁ ጽፌ እንደ ተማሪ ያስጠናሁዎት እኔ አይደለሁም? በዚያ ምርመራ እንዳይወድቁ፣ አንገትዎን እንዳይደፉ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ከእርስዎ ስም ሥር ስፈርም እጄ ይከብደኝ ጀመር። ክዳንዎን ከፍቼ እንዳላይ ተከብረዋል፤ ሳላይ እንዳልፈርም ኅሊናዬ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ሸሸሁ። ይኸው ነው ምክንያቱ።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሰኞ ዕለት ሦስት ቁጥር አውሮፕላን እዚህ አረፈች። ሳቂታው ሲወርድ አልሳቀም። «መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥብኛል፣ ንፋስ ይሁን ሌላ እንጃ» አለኝ። መሰላል አቁሜ የጅራቱን ክዳን ከፈትኩት። ይቅር ይበሉኝ ጋሼ፣ ከፈትኩት። የብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ በጣት የሚዞር ነበር። እንዳይፈታ የሚያስረው ሽቦ ከቦታው የለም። እርስዎ በቀዳዳው ያሳለፉት መስሎዎት በጎን አሳልፈው ጠምዝዘውታል። ቁልቁል ወድቆ አገኘሁት፤ ጥምዘዛው አምሮ ነበር፣ እንደ ወትሮው የእርስዎ እጅ።

አጠበቅኩት፣ በአዲስ ሽቦ አሰርኩት፣ ዘጋሁት። ሳቂታውን «ቅባት አንሶት ነው» አልኩት። በጥገና መዝገቡ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ብጽፈው በሁለተኛው ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ያነበዋል፤ የአርባ ዓመት ስምዎ በአንድ መስመር ያልቃል። ያሳደገኝን ሰው ገመና አውጥቼ የት እገባለሁ?

ነገር ግን አንድ ቁጥርንና ሁለት ቁጥርንም የዘጉት እርስዎ ነዎት፤ እነሱ ደግሞ ወደዚህ መስመር አይመጡም። እባክዎን ያስከፍቷቸው። በእርስዎ እጅ አይሁን፣ ቀጭኑ በዓይኑ ይይልዎት። ሌላ ምንም አልለምንዎትም።

ልጅዎ


ጥቅምት 28 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዛሬ ሰላምታ አላበዛም።

ክዳኔን ከፈትሽው። ካፒቴኑ መሪው ተንቀጠቀጠብኝ ካለ መክፈት ሥራሽ ነው፣ በዚህ አልወቅስሽም። ግን ሽቦው በጎን አለፈ ብለሽ ስትፈርጂ፣ ሽቦ በበረራ ሊበጠስ እንደሚችል አላሰብሽም? ይህን ያስተማረሽ ማን ሆነና?

ቀጭኑን አሳየው ትዪኛለሽ። ቀጭኑ ሀንጋር ሲገባ ካቻቢቴ ከፒንሳ አይለይም ነበር። ዛሬ ሄጄ «ና እስቲ፣ የሠራሁትን እይልኝ» ልበለው? ከአራት ወር ያነሰ ሲቀረኝ? ሰው ምን ይላል? እኔ እዚያ ቤት ውስጥ ያለኝ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ ጋሼ የነካው ነገር አይላላም መባሉ። ልጅ አልወለድኩ፣ ቤት አልሠራሁ።

በመዝገቡ ባለመጻፍሽ አመሰግንሻለሁ። ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን አመሰግንሻለሁ።

ሁለቱን እኔው አያቸዋለሁ፣ ጊዜ ሳገኝ። አትጨቅጭቂኝ።

መስመሮቹ ተጣመው ካየሽ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 7 ቀን

ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? በሳቂታው ለላኩልኝ ጥያቄ መልሱ፣ አልነገርኩም። ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሬዲዮ ክፍል ገብቼ ነበር። ኦፕሬተሩ እርሳሱን ይዞ «መልእክቱ ለማን ነው?» አለኝ። ለበረራ ደህንነት ክፍል ልለው አፌን ከፈትኩ፤ «ተወው፣ ረሳሁት» ብዬ ወጣሁ። እንደዚያን ቀን ራሴን ንቄው አላውቅም።

ጋሼ፣ መስመሮችዎ አልተጣመሙም። አንዱ በሌላው ላይ ነው የተጻፈው። ግማሹን አንብቤ ግማሹን ገምቼ ነው የጨረስኩት። ወረቀቱ ምን አደረገ?

አሁን ይስሙኝ። ሦስት ቁጥር ለሞተር ሥራ ስለምትቆም ሐሙስ ኅዳር 15 ቀን በእሷ ፋንታ አንድ ቁጥር ወደዚህ ትመጣለች ተብሏል። ሳቂታው ነው የሚያበራት። ስትደርስ መሰላሌን አቁሜ እጠብቃታለሁ፤ መንኰራኩሯ ሳይቀዘቅዝ ነው የምከፍታት። ግን እዚህ ለመድረስ ያንን ሁሉ ተራራ ተሻግራ አራት ሰዓት መብረር አለባት። ከመነሳቷ በፊት እዚያው ትከፈት። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ጋሼ። ካከበሩኝ ቀጭኑን ይጥሩት። ማስጠራቱ ከከበደዎት ደግሞ ሌላ ምክንያት ይፍጠሩ፤ መፍቻ ቁልፍ ውስጧ ረስቻለሁ ይበሉትና ይክፈተው።

«ታይታለች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ጽፈው በሳቂታው ይላኩልኝ።

ትንሿ እጅዎን ትስማለች።

ልጅዎ


ኅዳር 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ይህን የምትጽፍልኝ አክስትሽ ናት። ደብዳቤዎችሽንም ከመጀመሪያው አንሥታ የምታነብልኝ እሷ ናት፤ ሁሉንም ታውቃለች። የሚደርስሽ በነዳጅ መኪና ስለሆነ ሳምንት ይፈጅበታል።

እንዴት ሰነበትሽ ማለት አቃተኝ። አንድ ቁጥር ይዛው የወደቀችው አራት ሰው ነው፣ ልጄ። አራት። ትናንት ለለቅሶ የሳቂታው ቤት ደርሰን መጣን። ሚስቱ ከሰው መሀል ተነሥታ መጥታ እጄን ያዘች። «ጋሼ፣ እርስዎ በሠሩት አውሮፕላን ሲሄድ እኔ ሐሳብ አልነበረኝም» አለችኝ። ወንበር አመጡልኝ። የምቀመጥበት ድፍረት ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ግን ተቀመጥኩ።

ደብዳቤ ልኬ እንደነበር በሬዲዮ ላስጠየቅሽው፣ አዎ፣ ልኬ ነበር። በሳቂታው ቦርሳ ውስጥ ነበር። «ታይታለች፣ ደህና ናት» ይላል። ካፒቴኑ ራሱ ነው ከእጄ የተቀበለኝ።

እውነቱን አሁን ስሚ። ረቡዕ ጠዋት መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ቁልፍ ረስቻለሁ የምትለውን ብልሃትሽን አስቤ ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለ። ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት። የሚታየኝ ጭጋግ ነው። ዓይኔን በባትሪ አገዝኩት፣ ጭጋጉ በራ እንጂ አልተገለጠም። እጄን አስገባሁ፤ ጣቶቼ ብረት ይንኩ አየር ይንኩ መለየት አልቻልኩም። ከታች አምስት ስድስት ሰው ቆሟል። ቀጭኑ «ጋሼ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ። «ምንም» ብዬ ዘጋሁት። ወርጄ ያንን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ።

አሁን «ጭነቱ ተንሸራቶ ነው» እያሉ ነው። ጭነት አሳሪውን ከሥራ አግደውታል፤ በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲለኝ አንገቴን እደፋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና በየግድግዳው የጥንቃቄ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከሁሉ የባሰውን ልንገርሽ? አጣሪ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ እኔን አባል አደረጉኝ። ስብርባሪውን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይታይዎታል?» ይሉኛል። ብረቱን አነሣለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። እነሱም አብረውኝ ይነቀንቃሉ።

ሁለት ቁጥር አሁንም እየበረረች ነው።

ልናገር ነው። ግን ስናገር ስለ ሦስት ቁጥርም መጠየቄ አይቀርም፣ ያ ደግሞ አንቺ ጋ ያደርሳቸዋል። አንቺን ሳልጠይቅ አላደርገውም። ቶሎ መልሺልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለጋሼ፣ ለእትዬም፣

እግዜር ያጽናን።

ያን ቀን የት እንደነበርኩ ልንገርዎት፤ ሜዳው ላይ ነበርኩ። መሰላሉን አቁሜ። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ እኔ መራመድ ሲጀምር ገና ሳይናገር አወቅሁ። መሰላሉን ተሸክሜ ወደ መጋዘኑ መለስኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ መመለስ ያለበት ነገር መስሎ ታየኝ።

ጋሼ፣ አይናገሩ።

ያስከፍቷቸው እያልኩ እርስዎን ስለምን የከረምኩት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። አሁን ግን እያሰብኩት ነው። ያንን ሽቦ አይቼ በመዝገብ ብጽፈው ኖሮ ሦስቱም በማግስቱ ይቆሙ ነበር። እርስዎ ማየት አልቻሉም። እኔ አይቻለሁ። አይቼ ዘግቼዋለሁ። ማንም ቢፈርድ የሚፈርደው በእኔ ላይ ነው። ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ያስሩኛልም። ልጄ ከእኔ በቀር ማንም የላትም። አራት ዓመቷ ነው፣ ጋሼ።

መላ አግኝቻለሁ። ከባድ ጭነት አለ ብዬ ጽፌ ሁለት ቁጥር ሐሙስ ታኅሣሥ 20 ቀን ወደዚህ እንድትመጣ አስደርጌያለሁ። እከፍታታለሁ፣ አጠብቃታለሁ፣ አስራታለሁ። ከዚያ በኋላ የሚወድቅ አይኖርም። ጭነት አሳሪውም ማስረጃ ስለሌለ ውሎ አድሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሞተው አይመለስ። ለዚያ ያህል ቀን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።

ይህ ሲነበብ ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ግን ፈርቻለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። እትዬ፣ እርስዎም ያማልዱኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽን አክስትሽ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። በሁለተኛው እያለቀሰች ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጣ «እስከ ሐሙስ ስንት ጊዜ ትነሳለች?» አለችኝ። አምስት ጊዜ፣ አልኳት። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። አማልጂኝ ያልሽውን ከዚህ በላይ አልቻለችም።

መልስሽን ስጠብቅ ሁለት ቁጥር ከሁለት ሳምንት በላይ በራለች። ያ በአንቺ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው የሚጻፈው።

ትናንት ጠዋት ጭነት እየጫኑባት ደረስኩ። አክስትሽ ክንዴን ይዛ እስከ ጅራቱ ወሰደችኝ፤ ሀንጋር ውስጥ እግሯን ስታስገባ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ጫኞቹ ሥራ አቁመው መጡ፣ መካኒኮቹም መጡ። ቀጭኑን «ውጣና የጅራቱን ክዳን ክፈት» አልኩት።

«የእርስዎን ክዳን፣ ጋሼ?»

«የእኔን።»

ብሎኖቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ ይሰማኛል። ክዳኑ ሲነሣም ሰማሁ። «ምን ታያለህ?» አልኩት። ደግሜ ጠየቅሁት።

«ጋሼ... ሽቦ የለውም። ዳዶው መጨረሻው ጥርስ ላይ ነው። ብነካው ይወድቃል።»

አብራሪው ከመሰላሉ ሥር ቁጭ አለ አሉኝ። እኔ አላየሁም። ሰባት ሰው ሊሳፈርባት ነበር።

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዓይኔን፣ ጣቴን፣ ረቡዕ ጠዋት መሰላሉ ላይ ያደረግኩትን። ይጮሁብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ግማሾቹ ማየት እንደተሳነኝ ከዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። በር ስስት አይተውኛል፣ ኩባያ ስገለብጥ አይተውኛል። ቀጭኑ አልቅሶ «እንዴት ብለን እንናገርዎት፣ ጋሼ?» አለኝ። ይህን ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም። እንዲፈሩኝ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጭነት አሳሪውን አስጠርቼ ይቅርታ ለመንኩት፤ ዛሬ ወደ ሥራው ተመልሷል። ሰብሳቢው ሁሉን ጽፎ ጨረሰና «ከእርስዎ ሌላ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ነበር?» አለኝ።

ልዋሽልሽ ነበር። አፌን ከፍቼ «የለም» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ አድርጌያት ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሆነሽ እናትሽ ሞታ እጄን ይዘሽ ቤቴ ስትገቢ፣ ክፉ ነገር አይነካሽም ብዬሽ ነበር። ግን አንቺ እኔን ሸፈንሽ፣ እነሱ እኔን ሸፈኑ፣ እኔ ራሴን ሸፈንኩ። አራት ሰው ተቀበረ። አሁን ደግሞ አንቺን ብሸፍን ይህ ነገር የት ላይ እንደሚቆም ታየኝ። አይቆምም።

ስምሽን ሰጠሁ። ስለ ሦስት ቁጥር፣ ስላልተጻፈው መዝገብ፣ ስለ ፊደላቱም ሁሉ። እንድከፍታቸው የለመንሽኝ አንቺ መሆንሽን፣ እንቢ ያልኩት እኔ መሆኔንም ተናግሬያለሁ፤ ደብዳቤዎችሽን አክስትሽ ከሳጥን አውጥታ ሰጥታቸዋለች። የመጨረሻውንም ጭምር።

ትንሿን ይዘሻት ነይ። አክስትሽ አልጋ አዘጋጅታለች፤ አንቺ ፍርድሽን እስክትጨርሺ እሷ ታሳድጋታለች። እኔ በዚያን ጊዜ የት እንደምሆን አላውቅም።

ሊወስዱሽ የመጡት፣ ይህን ደብዳቤ ያቀበሉሽ ሁለት ሰዎች፣ እስክታነቢው በር ላይ እንዲጠብቁ ለምኛቸዋለሁ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። የሚጠይቁሽን ሁሉ መልሺላቸው፣ ምንም አታስቀሪ። ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ ልጄ። ነገም መልሰው ቢጠይቁኝ ያንኑ ስም ነው የምሰጠው።

አጎትሽ